ጋሼ አርፈዋል

ድምፄን የማታውቁ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሰፈራችን፣ እኔ «እንደምን አደራችሁ» ስል የሚመለስልኝ «ደግሞ ማን ሞተ?» ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ከወፍ ቀድሜ ተነሥቼ እነፋለሁ፤ ቀጥዬም «የእድራችን አባል አቶ እገሌ አርፈዋልና ለቅሶ ድረሱ!» እያልሁ መንደሩን አዳርሳለሁ። በዚህ ሰፈር ስሙን እንድጠራለት የሚፈልግ ሰው የለም። ባለቤቴ ሳትቀር በሠርጋችን ማግስት «በስሜ እንዳትጠራኝ» ብላኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ «አንቺ» እንዳልኋት አለን።

ጡሩምባ ከመያዜ በፊት በሐሙሲት መንገድ የሚኒባስ ረዳት ነበርሁ። «ሐሙሲት! ሐሙሲት! ሞላ፣ አንድ ሰው!» እያልሁ ባዶ መኪና ስሞላ የኖርሁ ሰው ነኝ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደገ፣ ከፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ ቆፍጣና ሽማግሌ፣ አንድ ቀን መናኸሪያ በር ላይ ቆመው አዳመጡኝና «ይህ ድምፅ በሕያዋን ላይ እየባከነ ነው» ብለው ወሰዱኝ። ለነገሩ ሥራው ያው ነው፤ ያኔ ሰው እንዲሳፈር እጣራ ነበር፣ አሁን መሳፈሩን እናገራለሁ።

ጡሩምባውን ከመስቀያው ሳወርድና ስሰቅል፣ በመሀሉ በማታ ትምህርት ሶሲዮሎጂ ተማርሁ። ዲግሪውንም ማስተርሱንም እያንቀላፋሁ ጨረስሁት። ሰፈሬን እግዜር ይስጠው፣ በፈተናዬ ሰሞን ብዙ ሰው አልሞተም። ከዚያ ዶክትሬት ልቀጥል ነው ብዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ «አንተ ጋ ማን ደፍሮ ሊታከም ይመጣል?» አለች። ይህ የሚያክም ዶክተር አይደለም ብዬ ባስረዳ፣ ጋሽ ታደገ በበኩላቸው «የማያድን ዶክተር ከሆነማ ሥራህ አልተለወጠ» አሉኝ።

ሰው ይሳቅ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሰዎች ፊት ቆሜ አፌን ስከፍት፣ ማንም ነጠላውን ሳያዘቀዝቅ እንዲያዳምጠኝ እፈልግ ነበር። ይህን ያህል የተመኘሁት ነገር በዕድሜዬ የለም።

የምርምር ሐሳቤም ከኑሮዬ የወጣ ነው፦ ከተማ ውስጥ ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ሲቆም ሳይሆን ጡሩምባ ሲነፋለት ነው የሚል። ለመግቢያው ቃለ መጠይቅ ለመቅረብ ግን «ይህን ሰው እኔ አማክረዋለሁ» የሚል መምህር ይጠየቃል። መምህራኑ ደግሞ ታሪኬን ሲሰሙ «ያንተስ አመጣጥ ያልተለመደ ነው» ይሉና በትሕትና ይሸሹኛል። አንዱማ በር ድረስ ሸኝተውኝ ስሄድ ከኋላዬ ሲያማትቡ በኮሪደሩ መስተዋት አየኋቸው። የቀሩኝ ዶክተር ዘለቀ ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ዘለቀ የጅማ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ እሳቸው ሰፈራችን ቤት ተከራይተው ትርንጎ ከምትባል ሠራተኛቸው ጋር ይኖራሉ። የእድራችን አባል ናቸው። አንድም ዘመድ በሌላቸው ሰፈር አንድም ለቅሶ አልፏቸው አያውቅም፤ ከድንኳኑ ጥግ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ልብ ሳይላቸው ተቀምጠው ይሄዳሉ። ስደውልላቸው «አዲስ አበባ ነኝ፤ ማታ እገባለሁ። ነገ ማለዳ ቤት ና፣ እንነጋገራለን» አሉኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሰፈሩን ውጦት ነበር። ውሻ ይጮኻል፣ ውሻው የለም። የሰው ኮቴ ይሰማል፣ ሰውየው አይመጣም። አጥሮቹ እርጥብ ናቸው፤ እጄን አስደግፌ የምሄደው በነሱ ነበር። ጡሩምባዬም እንደ ልማዴ ከጃኬቴ ሥር ነበረች፤ ሐኪም ያለ ማዳመጫው ይወጣል?

በሩን ሳንኳኳ ትርንጎ ከፈተች። ይህች ልጅ ከዱርቤቴ ከመጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ጋሼ አሉ?» አልኋት።

«ጋሼማ አርፈዋል» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«መቼ?»

«ማታ ነዋ፣ እንደገቡ። ‹ደክሞኛል ትርንጎ› አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣቸውም።»

«ሰው አጠገባቸው አልነበረም?»

«ምን ሰው አላቸው? ብቻቸውን።»

«ለባለቤታቸውስ ተነገረ?»

«ኋላ ይደወላል። አሁን ግን እንዳትረብሻቸው» አለችና አፍንጫዋን ስባ በሩን ዘጋችው።

ጥቁሩ ባለፈው ወር ዱርቤቴ ለሞተችው አክስቷ እንደሆነ፣ እንባውም የሽንኩርት እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው። ደግሞም ፍረዱኝ፦ አርፈዋል የምትለውን ቃል በቀን በሌት የምሸጣት እኔ ነኝ። ቀን ሙሉ ሬሳ የሚገንዝ ሰው ነጭ ጨርቅ ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ በር ላይ መጀመሪያ ያለቀስሁት ለዶክተሩ አልነበረም፤ ለዶክተርነቴ ነበር። ቀጥሎ አፈርሁ። ደንቡ ቤተሰብ ለዳኛው ይናገራል፣ ዳኛው እኔን ያዝዛል ነው። ቤተሰብ የሌለውንስ ማን ይናገርለት ብዬ፣ ከሐፍረቴ ብዛት፣ ጡሩምባዋን አወጣሁና ነፋሁ።

ጉም ውስጥ የተነፋ ጡሩምባ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስማቸውን ጠርቼ ስጨርስ ድምፄ ከሐይቁ በኩል ተመልሶ መጣብኝ፤ የራሴ ድምፅ መሆኑን እያወቅሁ ጠጉሬ ቆመ። ወዲያው በሮች መከፈት ጀመሩ። ሦስት ግቢዎች በሚገናኙበት ባዶ ቦታ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ተደረደረ። የዶክተሩ በር ቢንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ ትርንጎ ጡሩምባው ለሌላ ሰው መስሏት ወደ ገበያ ወጥታ ነበር። «እንግዲህ ቤተሰብ እስኪደርስ እንጠብቅ» አሉ ጋሽ ታደገ። አንዲት እናት ደረቷን ይዛ ጀመረች፦

«ዘለቀ ብሎ አባቱ ስም አውጥቶ፣
እሱ ካልዘለቀ ማን ሊዘልቅ ነው ከቶ?»

ለዚያ ዝምተኛ ሰው ይህን ያህል እንባ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለአንዷ ልጅ ሒሳብ አስረድተውላታል፣ የአንዷን እናት ሆስፒታል ተሸክመው አድርሰዋል። ሁሉም በየተራ ሲያወራ እኔ ከድንኳኑ ጥግ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ጉሙ ድንኳኑ ውስጥ ገብቷል፤ የጎረቤቴ ፊት ጭላንጭል ነው። ለቅሶ ላይ ደግሞ ሰው የሰው ፊት አያይም፤ መሬት ነው የሚያየው። ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዶክተሩ።»

«የቱ ዶክተር?»

«የኛው፣ የዩኒቨርሲቲው።»

«አይ! አሞት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነበሩ። እንዲያውም ዛሬ ማለዳ ሊያማክሩኝ ቀጥረውኝ ነበር።»

ከአጠገቤ ትንፋሽ የማይሰማ እስኪመስለኝ ድረስ ቆየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፦

«እኔም እኮ ለዛሬ ማለዳ አንድ ሰው ቀጥሬ ነበር» አለ።

ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ለሟቹ አረዳሁት።

ቀና ስል ዶክተር ዘለቀ ናቸው። የለቅሶ ድምፅ ቀስቅሷቸው፣ ስሙን ሳይሰሙ፣ ከጎረቤት ሰው ሞቷል ብለው እንደ ልማዳቸው ሊያለቅሱ ወጥተዋል። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ማንም አልጮኸም። አልቃሿ እናት ግጥሟን ከመሀል ቆረጠች። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየተንፏቀቀ ራቀ። ዶክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንደምን አደራችሁ» አሉ፤ የመለሰላቸው የለም። ባለ ሱቋ እትዬ ዘምዘም ብቻ «አዑዙ ቢላህ» ስትል ተሰማች።

«ጋሽ ታደገ፣ ልሻረው» አልሁ። «ነፍቼ አልሞቱም ልበል።»

«ለመሻሪያ ደንብ የለንም» አሉ።

«ሰውየው ቁጭ ብለው እኮ ነው!»

«አያለሁ። ደንብ ግን የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከጡሩምባ ከወጣማ መቃብር። ዳግመኛ ብትነፋ ሌላ ሰው ሞተ ነው የሚሉት።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዛውንቶቹ የሚሉትን አልሰማህም? የተጠራ ሞት ባዶ እጁን አይመለስም» አሉኝ። ድንኳኑ ተነቀለ። ዶክተሩ ግን፣ በሰፈሩ ዘንድ፣ ሳይቀበሩ የቀሩ ሰው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳየው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር። እትዬ ዘምዘም ዳቦ ሲጠይቋት ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና እስኪሄዱ ጓዳ ትገባለች። ባለ ባጃጁ ይጭናቸዋል፤ መስተዋቱን ግን ወደ ላይ አንጋጦ ነው። ሲያስነጥሱ «ይማርህ» የሚል ጠፋ፤ «ነፍስ ይማር» ሊሆንብን ነው ብለው ሰጉ። ተማሪዎቻቸው ማርፈድ አቆሙ። እንግዲህ ያ የተጠራው ሞት ባዶ እጁን ካልተመለሰ ማንን ሊወስድ ነው እያለ ሰፈሩ ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ማንም ቢስል ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

የቃለ መጠይቁ ዋዜማ፣ ማለዳ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ስፈልጋቸው ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደንገሉ አጠገብ ቆመዋል፤ ከወገባቸው በታች ጉም ነው። አንድ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከውሃው ላይ ብቅ አለ፤ አያቸው፤ ምንም ሳይናገር ታንኳውን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ።

«አየህ?» አሉኝ። «ይኼ ደግሞ የኛ ሰፈር ሰው እንኳን አይደለም።»

«ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ። ገደልኋችሁ።» ከድንጋጤዬ የተነሣ እሳቸውን አበዛኋቸው።

«እኔ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሞቱ የተወራ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባል የለ? አሁን ግን ጠዋት ስነቃ ዓይኔን ቶሎ አልገልጥም። ተኝቼ ድምፅህን አዳምጣለሁ። ስሜን ካልጠራህ እነሳለሁ።» ወደ ውሃው ዞሩ። «አንድ ነገር ልንገርህ። ድንኳኑ ውስጥ ያቺ እናት ስታለቅስ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። ይሄ ሰው እንዴት ቢወደድ ነው ብዬ፣ በሟቹ ቀናሁበት።»

ሰው ግን ክፉ ነው፤ እንዲያ እያዘንሁም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ቃለ መጠይቁ ነገ ነው። አማካሪ የለኝም» አልሁ።

«የሞተ ሰው ማማከር ይችላል?»

«የሚከለክል ደንብ አላየሁም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ከሐይቁ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ከውሃው አንድ እርምጃ ሸሸን።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ከመሀል ዶክተር ዘለቀ። ሁለቱ ወንበራቸውን ከሳቸው ትንሽ ሸሸት አድርገዋል። «ራስህን አስተዋውቅ» ተባልሁ። አፌን ስከፍት በስተግራ የተቀመጡት ሴት መምህር ክው አሉና ስልካቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ለእናታቸው «ደኅና ነሽ?» ብለው ጻፉ። በሰፈራችን አቅጣጫ ይኖራሉ ለካ፤ ድምፄን ያውቁታል። በስተቀኝ ያሉት ደግሞ «ዝቅ ባለ ድምፅ ብታደርገውስ?» አሉኝ። ያን የተመኘሁትን ቀን እንግዲህ በሹክሹክታ አሳለፍሁት።

«ረዳት ነበርህ። ከዚያ ጡሩምባ ነፊ። ከዚህ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» አሉ የቀኙ።

«ሁለቱም ሥራ ሰው መሰብሰብ ነው፤ ይህም ትምህርት ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ ነው» አልሁ። ይህን መልስ ባለቤቴ ፊት ተለማምጄው ነበር።

«ደኅና። ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ሲቆም ሳይሆን ጡሩምባ ሲነፋለት ነው ትላለህ። ይህ ትልቅ አነጋገር ነው። ማስረጃህ ምንድን ነው?»

ምን ልበል? አንድ ነፍስ እያየኝ ማስረጃዬ ብዬ ልጥራው?

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር ዘለቀ።

ማንም አልሳቀም። ሁለቱ መምህራን ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ሰበሩ። ልክ እንደ ሰፈሩ ሰው። ያኔ ሐሳቤ ትክክል መሆኑን ያለ ጥርጥር አወቅሁ፤ ደስ ግን አላለኝም። «ይግባ» አሉ የቀኙ፣ ከክፍሉ ቶሎ ለመውጣት እንደሚፈልግ ሰው።

ዶክትሬቱን ገባሁ። ዶክተር ዘለቀ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝና ክንዴን ይዘው «አማክርሃለሁ፤ ግን ቃል ግባልኝ» አሉ። «ቀኔ ሲደርስ የምትነፋው አንተ ነህ። ከመንፋትህ በፊት ግን ገብተህ በዓይንህ ታየኛለህ።» ቃል ገባሁ። «ደግሞ ስንፍና አልወድም። ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ማለት ነው። አንተ ምዕራፍህን ሳትጨርስ እኔም አላርፍም።»

ሌላ ተማሪ አማካሪውን በስልክ ሲያሳድድ ይውላል። የኔው ራሳቸው ይደውላሉ። በየማለዳው፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ስልኬ ይጮኻል፤ አነሣለሁ፤ «አለሁ» ይላሉ፤ ይዘጋሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። ኋላ ኋላ እሷም ያንን ስልክ ሳትሰማ ከአልጋ አትወርድም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ አልጮኸም።

ጠበቅሁ። ወፎቹ ተንጫጭተው ዝም አሉ። ብደውል አይነሣም። ባለቤቴ ነጠላዋን ከመስቀያው ላይ አየት አደረገች። እጄ የገባውን ከጃኬቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ጉሙ እንደዚያን ዕለት ነው። አጥር አጥሩን እየዳሰስሁ ስሄድ፣ እመኑኝ፣ ስለ ዶክትሬቱ አንዴም አላሰብሁም። የማስበው ያን የሐይቅ ዳር ሳቃቸውን ነበር። እትዬ ዘምዘም ሱቋን ስትከፍት አየችኝና ቁልፉ ከእጇ ወደቀ።

ትርንጎ ከፈተች። ጥቁሯን አሁንም አላወለቀችም።

«ጋሼ አርፈዋል» አለችኝ።

በሕይወቴ ያንን ቃል ሰምቼ ጠይቄ አላውቅም ነበር። «የትኛውን ማረፍ ነው፣ ትርንጎ?» አልኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ማረፍ ስንት ዓይነት አለው?»

ገፋ አድርጌያት ገባሁ። በረንዳው ላይ፣ ወደ ሐይቁ በተዘረጋው አልጋ፣ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጋቢው እስከ አገጫቸው ነው። ዓይናቸው ተከድኗል። ስልካቸው ወለሉ ላይ ወድቋል። ጉሙ በረንዳው ላይ ወጥቶ በፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ጋቢው ከፍ ዝቅ ይበል አይበል መለየት አቃተኝ። ቃሌን አስታወስሁ፤ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ጎንበስ አልሁ። አፍንጫዬ አፍንጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ እንባዬ ጠብ ብሎ ጉንጫቸው ላይ አረፈ።

አንድ ዓይናቸው ተገለጠ።

«ቻርጁ አልቆ ነው» አሉ። ቀጥሎ ያ ዓይን ቀስ ብሎ ወረደና የተወጠረው ጃኬቴ ላይ ቆመ። «ያ የያዝከው ምንድን ነው? ምዕራፍ ሁለት ነው?»

ጡሩምባዋ ነበረች።